ለሚጣል ወረቀት የማይሆን ስም

ይድረስ ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ ወንድሜ፣ ለጋሼ ተክለጻድቅ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? የደብረ ብርሃን ብርድ ጉልበትዎን ለቀቅ አደረገው ወይስ እንደ አምናው ያንገላታዎታል? የእትዬ አሰገደች ደም ግፊትስ ረገበላቸው? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔና ልጄ ሊያ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ ሰፈራችን መንደራ ቆጪ ጭቃ በጭቃ ሆናለች፤ ባጃጆቹም ከዋናው መንገድ ወዲህ አንገባም ብለዋል።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ወሬውን ከሰው አፍ ስለሰሙት ደንግጠው እንደጻፉ ገብቶኛል። የአላህን ስም አፍ መጥረጊያ ላይ አትመሽ አጋሮ ላይ ተቃጠለብሽ አሉ፤ ከሰው ሳትጋጪ ያን የሶፍት ሥራ ዝጊና ወደ እኔ ነይ ብለውኛል። ከመልሱ በፊት ነገሩን እንደሆነው ልንገርዎ።

ሥራችን እንዲህ ነው። ናፕኪንና የማዕድ ቤት ሶፍት የሚሆነውን ወረቀት ከአዲስ አበባ በጥቅል እናስመጣለን፤ እንቆርጣለን፣ እናትማለን፣ እናጥፋለን። ሊያ ኢንተርኔት ላይ አንድ ገጽ ከፍታለች። ደንበኛ ስልኩን ይዞ ቀለሙንና አበባውን ይመርጣል፣ የፈለገውን ስም ይጽፋል፣ ምን እንደሚመስል እዚያው አይቶ ይልክልናል። ሰው በገዛ ምርጫው ሲደሰት ማየት ደስ ይላል። አንድ የሊሙ ቡና ነጋዴማ ለቤቱ ሶፍት ላይ የራሱን ፎቶ አድርጉልኝ አለን። አብራኝ የምትሠራው ጎረቤቴ ፈድሊያ፣ ሚስቱ ባኮረፈች ቁጥር የድስት ቂጥ ልታብስበት ነው እያለች ቀኑን ሙሉ ስትስቅ ዋለች።

ታዲያ የረመዳን ጾም ሳይገባ ሠርጉ ሲበዛ፣ ሂንድ የምትባል የአጋሮ ሙሽራ የሠርጓን ናፕኪን በስልኳ ሠርታ ላከችልን። ወርቃማ ሐረግ፣ የእሷና የሙሽራው ስም፣ ከላይ ደግሞ በአረብኛ ቢስሚላህ። ከጥሪ ካርዷ ላይ እንዳለ መውሰዷ ነው። አረብኛ ባላነብም ጽሑፉን ከጎረቤቶቼ ካርድ አውቀዋለሁ። ሳየው ከበደኝ። ሊያን ይህ ይሆናል ወይ ብላት፣ እማዬ፣ ደንበኛ የመረጠውን እኛ ምን አገባን፣ ሃይማኖቱስ የእነሱ አይደል አለችኝ። ዝም አልኩ። ታተመ።

በማግስቱ ፈድሊያ ለማጠፍ መጣች። አንዱን አንስታ አነበበች፣ ሳመችው፣ ግንባሯን አስነካችው፣ ከዚያ የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። ያ ረቢ! ቆንጂት፣ በዚህ ቅባት ሊጠረግ ነው? ከዚያስ መሬት ተጥሎ በጫማ ሊረገጥ? የእኔ እጅ ይህን አያጥፍም አለች። ሊያ ደግሞ፣ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው፣ ይላክላቸውና እዚያው ይነጋገሩበት ብላ ተከራከረች።

ጋሼ፣ በዝምታዬ ምን እንዳጣን እርስዎ ያውቃሉ። እህታችን ብርሃንነሽ ስትዳር እንዳልፈለገች የነገረችው ለእኔ ብቻ ነበር፤ ለአባባ ሳልነግር ቀረሁ፤ በዓመቷ በወሊድ ቀበርናት። ፊደል እንኳ የለየሁት ሰው መጠየቅ ስላልደፈርኩ ብቻዬን፣ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ያን ቀን ግን ዳግመኛ ዝም አልልም አልኩ።

ካርቶኑን አስሬ ከፈድሊያ ጋር በሚኒባስ አጋሮ ሄድኩ። የሙሽራይቱ አባት አባቦራ ሲያዩት ፊታቸው ጠቆረ። ሠርጉ እኮ እሁድ ነው! ያተምሽው አንቺ አይደለሽ? ብለው ጮኹብኝ። አዎ እኔ ነኝ፣ አይቼም ነበር፣ ሳልጠይቅ ማተሜ ጥፋቴ ነው፤ አዲስ አትሜ ዓርብ አደርሳለሁ፣ ይህ ግን ማዕድዎ ላይ አይቀርብም አልኳቸው። ድምፄ ሲወጣ እኔኑ ገረመኝ። ሂንድን አስጠሯት። አንገቷን ደፍታ፣ አባ፣ ካርዱ ላይ ስላለ ይህም ይባረክ ብዬ ነው አለች። እሳቸውም፣ ካርድ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ይህ ግን ዶሮ ሲጭረው ሊውል ነው እኮ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ አሉ። ቁጣቸውም ወደ ሳቅ ዞረ። የአላህ ስም ያለበት ወረቀት ቆሻሻ ላይ አይጣልምና ሽማግሌዎቹ ራሳቸው አቃጥለው አመዱን ከቡናው ሥር ቀበሩት። ተቃጠለባት የተባለው ይህ ነው። እሳቱን ያላየ ሰው ጭሱን ይዞ እርስዎ ዘንድ ደረሰ።

ዓርብ አደረስን፤ ስማቸውና ሐረጉ ብቻ ያለበትን። ሠርጉ ላይም ተጠርቼ፣ ለክርስቲያን እንግዳ ለብቻ የተሰናዳውን በላሁ። ሰው አፉን ጠርጎ ወረቀቱን ሲጥለው፣ ልጆች ሲረግጡት አይቼ እፎይ አልኩ። የእኛ ሥራ እንዲያ ሆኖ ሲያልቅ ነው ደግ።

ከዚያ ወዲህ እኔና ፈድሊያ ሳናየው የሚታተም ትእዛዝ የለም። የከበደን ካለ ለባለቤቱ እንደውላለን። በቀደም አንድ የእኛው እምነት ሰው ከደዶ ለአባቱ ተዝካር የእመቤታችን ሥዕል ያለበት ናፕኪን አዘዘ። እኔው ደውዬ አይሆንም አልኩት። ተቆጥቶ ሌላ ቦታ ሄደ፤ ይሂድ። ሊያም መጀመሪያ አጉረመረመች፤ በኋላ ግን የፈጣሪንና የቅዱሳንን ስምና ሥዕል፣ የሟችንም ፎቶ አናትምም ብላ ገጹ ላይ ራሷ ጻፈችው።

ስለዚህ ጋሼ፣ አልዘጋም። አልመጣምም። ባሏ የሞተባት እህቴ ብቻዋን ምን ትሆናለች ብለው ማሰብዎ የአባት ሐሳብ ነው፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እዚህ ግን ስሳሳት ፊት ለፊት የሚነግሩኝ፣ ስናገርም የሚሰሙኝ ሰዎች አሉኝ። ያሰናዱልኝን ክፍል ለልጅዎ ለናርዲ ይስጧት፤ ለፈተናዋ ታጥናበት።

እትዬ አሰገደችን እጅ ነሥታለች ይበሉልኝ። ፍሬዘር ጺም አሳድጓል አሉ፤ ቢሆንም ግንባሩን ይሳሙልኝ። ናርዲን አገላብጠው ይሳሙልኝ። ሊያ ጉልበትዎን ትስማለች። ፈድሊያም ባያውቋትም ሰላም ብላለች፤ ቆንጂትን አንሰጥም ብለሽ ጻፊልኝ ብላ እዚሁ አጠገቤ ቆማለች።

እህትዎ ቆንጂት

ጅማ፣ መንደራ ቆጪ
ግንቦት 4 ቀን 2010 ዓ.ም.