ስድስተኛው ቅርጫት ጋ

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ዛሬም ከጓደኛዬ ከጌቱ ጋር መናፈሻው ወርደን ዲስክ፣ ያንን እንደ ሳህን ጠፍጣፋ ፕላስቲክ፣ ከቅርጫት ቅርጫት ስንወረውር ዋልን። ቱሪስት በሚጎርፍበት ጊዜ አንድ የውጭ አገር ሰው ለዚሁ ጨዋታ ያስተከላቸው ባለ ሰንሰለት ቅርጫቶች ስድስቱም እንደቆሙ ናቸው። ቱሪስቶቹ ናቸው የሌሉት። አስጎብኚ ነኝ ማለትም እያሳፈረኝ መጥቷል።

ሦስተኛው ቅርጫት ጋ ስደርስ ቆሜ ወደ ኋላ ዞርኩ። ጌቱ "ማንን ነው የምትጠብቀው?" አለኝ። ለካ ወደ ኋላ የቀረ ሽማግሌ ቱሪስት ያለ ይመስል በየቅርጫቱ እየቆምኩ ኖሯል። እሱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም።

ጌቱ ያበስልበት የነበረው ሆቴል ከተዘጋ ወዲህ፣ ጨዋታ በጨረስን ቁጥር "አብሽር፣ ለገና ይመጣሉ" ይለኝ ነበር። እንደማይመጡ ሁለታችንም እናውቃለን። ቢሆንም ያችን ቃል ሳልሰማ ቤቴ ገብቼ አላውቅም።

ዛሬ ስድስተኛው ቅርጫት ጋ የሱ ዲስክ ሰንሰለቱን መትቶ ገባ። አወጣውና አቧራውን በሱሪው ጠርጎ ለኔ ሰጠኝ።

"ነገ በጠዋት ወልድያ ልወርድ ነው" አለ። "አጎቴ ምግብ ቤት ሥራ አግኝቶልኛል።"

ጥሩ ነው አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

እስከ መናፈሻው በር ድረስ ያችን ቃል ስጠብቅ ሄድኩ። አላላትም። ስንለያይ እኔው "አብሽር" አልኩት። "ለገና ይመጣሉ" የምትለዋን ግን ልጨምርባት አልቻልኩም።