የግራ ክንዴ ነገር

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9

ለጨቅጫቃዋ ልጄ፣

እንዴት ከረምሽ? ማስመለሱ ተወሽ? እናትሽ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ፤ ይህን ሳልዋሽ መጻፍ ስለቻልኩ ነው ወረቀት ያነሳሁት። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፣ ድምፄን አላመንኩትም።

ማርገዝሽን ያበሰርሽን ቀን ስልኩን ለእናትሽ አቀብዬ ወጣሁ። «አባዬ ደስ አላለውም እንዴ?» ብለሻታል። በኋላም ሐኪምሽ በዘር የሚወረስ በሽታ መኖሩን ጠይቂ ብሎሽ ስትጠይቂኝ «አስቤ እነግርሻለሁ» አልኩሽ። ዕድሜውን ሙሉ የቆዳ ነርቭ ሲያጠና የኖረ ሰው ይህን ለመመለስ ምን ያስባል ብትይ አልፈርድብሽም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንቺ ከመደወልሽ ጥቂት ቀን በፊት ምድጃው አጠገብ ቆሜ ጋዜጣ ሳነብ፣ ግራ ክንዴ የጋለ ማንቆርቆሪያ ላይ አርፎ ኖሯል። እናትሽ ከሳሎን ሮጣ መጣች።

«ምንድን ነው የሚያረው?»

«ምንም።»

«ምንም ነው እንዲህ የሚሸተው? ክንድህ እኮ ነው፣ አንተ ሰውዬ!»

ዝቅ ብዬ ሳየው ቆዳው ተልጧል። እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም።

እናቴን፣ አያትሽን፣ አታውቂያትም። መጀመሪያ እግሯ ደነዘዘ፣ ቀጥሎ እጇ። የጋለ ድስት በባዶ እጇ አውርዳ፣ ጣቷ መቁሰሉን የምታውቀው እኛ ስንጮህ ነበር። በሽታው ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። አምሳን ስሻገር አምልጫለሁ ብዬ ለአንቺም ሳልነግርሽ ተውኩት። አንዳንዱን ግን ዘግይቶ ይይዘዋል።

በማግስቱ ቤተ ሙከራ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ለጥናት የምንጠቀምበትን የሚያሳክክ ተክል ጸጉር ክንዴ ላይ ነሰነስኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ያስጨፍረዋል። እኔ ላይ ዝም አለ። በመርፌ ወጋሁት፤ ዝም። ሌላውን ክንዴንና እግሬን ለመሞከር ግን አልደፈርኩም። ተማሪ እንዲህ ቢያደርግ ከክፍል አስወጣው ነበር። በዚያ ሰዓት በዓይነ ኅሊናዬ የመጣው የአንቺ ክንድ ነው፤ በደወልሽ ቀን ደግሞ ገና ክንድ ያላወጣው ልጅሽ።

የነርቭ ሐኪሙን ጓደኛዬን፣ አንቺ ጋሼ ሳቂታ የምትይውን፣ ሄጄ ነገርኩት። ያን ቀን አልሳቀም። ከሁለቱም ክንዶቼና ከቁርጭምጭሚቴ ምስር የምታክል ቆዳ ቆርጦ ወሰደ፤ ደምም ቀዳ። ከዚያ ጠበቅሁ። አንቺ በደወልሽ ቁጥር መታጠቢያ ቤት የምገባው ለዚህ ነበር።

ትናንት ጠራኝ።

«ቁርጭምጭሚትህ ነርቭ በነርቭ ነው። ቀኝ ክንድህም እንደዚያው። ደምህ ውስጥ የእናትህ በሽታ የለም።»

«ግራውስ?»

«እሱማ ባዶ ነው። እስቲ እጅጌህን ሰብስብ።»

በመርፌ እየነካካ፣ ስሜቱ በጀመረበት ሁሉ በእስክሪብቶ ነጥብ አደረገ። ነጥቦቹን ሲያገናኛቸው ሳቁ አመለጠው።

«ሠላሳ ዓመት ስሠራ አራት ማዕዘን የሆነ በሽታ አይቼ አላውቅም! ምን ስትለጥፍ ከርመህ ነው?»

ያን ጊዜ ነው የበራልኝ። ሥራዬን ታውቂያለሽ፤ ቆዳችንን ስናክ ማሳከኩ ለምን እንደሚታገስልን ነው የማጠናው። ማከክ ትንሽ ሕመም ነው፣ ሕመሙ የማሳከኩን ስሜት ጸጥ ያሰኘዋል። እኛ በጥፍር ፈንታ ከበርበሬ የወጣ የሚያቃጥል መድኃኒት በፕላስተር እንለጥፋለን። ፈቃደኛ ሰው ስላጣሁ ለወራት በራሴ ግራ ክንድ ላይ፣ ያውም እዚያው አንድ ቦታ፣ ስለጥፍ ከርሜያለሁ። መድኃኒቱ ሲደጋገም የቆዳን ነርቭ ጫፍ እንደሚያከስም በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» አለ ጋሼ ሳቂታ፣ ዓይኑን እየጠረገ።

«መልሶ ይበቅላል?»

«አንተ አይደለህ እንዴ አስተማሪው?»

ይበቅላል። ጥቂት ወር ቢፈጅ ነው።

ለእናትሽ ስነግራት መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥሎ ሰደበችኝ። ስድቡን ራሷ ትንገርሽ፤ ወረቀቱም አይበቃው።

እንግዲህ ለሐኪምሽ ንገሪው፦ እኔ ያልወረስኩትን አንቺ ከእኔ አትወርሺም። በአባትሽ በኩል የሚተላለፍ ነገር ካለ ግትርነት ነው፤ ለሱ ደግሞ ምርመራ አያስፈልግሽም።

በደህና ተገላገይ። ሕፃኑ ሲወለድ ለደም ምርመራ ተረከዙን በመርፌ ይወጉታል። ሆስፒታሉ እስኪናጋ ይጩህ። ያን ጊዜ ዝም እንዲል አታባብዪው፤ ስልኩን አፉ ላይ አድርጊልኝ።

አባትሽ