አልማዝ አስተርጓሚ ሆና

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ደሜ እስካሁን እንደፈላ ነው። በዚህ ከተማ ስለ ሟቹ ፍቅረኛዬ ስለ ሮበርት ሳልሸሽግ የማወራበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ክሊኒኩ ኤች አይ ቪ ላለብን ሽማግሌ ጌዮች፣ ወንድ ለምንወድ ወንዶች፣ የሚያዘጋጀው የማክሰኞ ስብሰባ። ብቸኝነት እንዳይጨርሰን ተብሎ ነው። ዛሬ እሱንም ወሰዱብኝ።

አስተባባሪዋ በር ላይ እየሳቀች ተቀበለችኝ። «በራስህ ቋንቋ እንዲቀልህ አስተርጓሚ አምጥቼልሃለሁ» አለችኝ። ማን ጠየቃት? ዕድሜዬን ሙሉ ካዚኖ ውስጥ ካርታ ያደልኩት በምን ቋንቋ መሰላት? ስገባ አስተርጓሚ ተብላ የተቀመጠችው አልማዝ ናት፤ የእድራችን ጸሐፊ!

«ጋሽ ታደሰ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?» ብላ ብድግ አለች።

ዞሬ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ መሪውን በቡጢ ነረትኩት። የእድሩ ሰዎች ሮበርትን የሚያውቁት ደባሌ ነው ብያቸው ነው። የሞተ ጊዜ ለቅሶ የደረሰኝ ሰው የለም። ለደባል ማን ለቅሶ ይደርሳል? ከቀብሩ ማግስት የሥራ ሺፍቴን ገባሁ።

አልማዝ ተከትላኝ መጥታ መስኮቱን አንኳኳች። ስድቡ አፌ ላይ ደርሶ መስኮቱን ዝቅ አደረግሁት።

«ጋሼ፣ ያኔ ለሮበርት ለቅሶ ሳልመጣ ቀረሁ» አለችኝ። «እግዜር ያጽናዎት።»

አሁን? ይሄ ሁሉ ዓመት አልፎ? መስኮቱን ዘጋሁባትና ሄድኩ። እስከ ሰፈሬ እስከ ስፕሪንግ ቫሊ ድረስ ስሳደብ መጣሁ።

«አሜን» ያልኩት ቤት ገብቼ በሩን ከቆለፍኩ በኋላ ነው።