ገብሱን የሚጠብቀው ድምፅህ

ለማንም፣ ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልነገርኩትን ልጻፍልህ፤ አስቀድሞ ግን ልጄ፣ የአባትህ አምላክ በሄድክበት ሁሉ ይቅደምልህ። ሠርተህ የላክሃትን የክብሪት ቀፎ የምታህል ኮምፒውተር የሚያስጮኻት ጭላዳ ብቻ አይደለም፤ እኔም ነኝ።

ሁላችንም ደህና ነን። ላሟ ወልዳለች፤ የደባርቅ ውርጭ በርትቷል። ኮምፒውተሯ ዋጋዋ የአንድ ዶሮ ነው ብለኸኝ ነበር፤ ምግቧም ከዶሮ ያንሳል፤ መዳፍ በምታህል ሶላር ስትሠራ ትውላለች። በገብሱ ዳር የሚንቀሳቀስ ባየች ቁጥር በአንተ ድምፅ «ውጣ ከገብሱ፣ አንተ ሌባ!» ትላለች። ጭላዳዎቹ መጀመሪያ ወደ ገደሉ ሸሹ፤ አሁን ግን ለምደውህ፣ እያዳመጡ ይበላሉ። የደነገጡት አባ ጥበብ ናቸው። ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ሌባ ስትላቸው፣ «ልደቱ ከውጭ አገር የመጣው እኔን ሊሰድብ ነው? መስቀል እንኳ ሳይሳለም!» ብለው ተቆጡ። ማሽን ናት ብላቸው፣ «ሳጠምቀው የጮኸበትን ድምፅ እኔ አጣዋለሁ?» አሉኝ።

ወንድምህ ፀጋው በአንተ ድምፅ ፈንታ የውሻ ጩኸት ይሻላል ብሎ ሊጽፍልህ ነው። ለገብሱስ ይሻላል። እኔ ግን የሄድክ ዕለት፣ አልቅሼ እንዳላስቀርህ ብዬ ጓዳ ተደብቄ ስንብትህን ሳልሰማ ቀረሁ። አሁን ጠዋት ጠዋት በገብሱ ዳር ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ ሌባ ትለኛለህ፣ «እሺ ልጄ» እልሃለሁ።

ጭላዳውን በወንጭፍ እመልሰዋለሁ፤ አንተ ድምፅህን ከኮምፒውተሯ አታጥፋብኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክ።

ይድረስ ለልጄ ለልደቱ ቢራራ፤ ፀጋው እንዳያነበው።