የአባባ ምርቃት

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 16፣ 2021

እህቴ ሳራ ዛሬ ከኮሎምበስ ወጣ ብሎ ባለ እርሻ፣ ተጠርጎ አምፖል በተንጠለጠለበት የድሮ በረት ውስጥ ተዳረች። አባባ ምርቃቱን በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ ግሮቭ ሲቲ ወዳለው የዌርሃውስ መጋዘን ሥራው ሲመላለስ መኪና ውስጥ ወር ሙሉ ሲለማመደው ነበር። ሳራ ግን ገና ሳይጀመር፣ ፕሮግራሙን የምመራው እኔ ስለሆንኩ፣ ጠራችኝና፣ «በዚያ እንግሊዝኛው እንዳያሳፍረኝ፤ ማይኩን እንዳትሰጠው» አለችኝ።

ሄጄ፣ «አባባ፣ ፕሮግራሙ ሞልቷል» አልኩት።

«እሺ ልጄ» ብሎ ወረቀቱን አጠፈ።

ከዚያ ፈረንጁ የሙሽራው አባት በጂንሱ ተነሥቶ ሃያ ደቂቃ አወራ። ሰው በሳቀ ቁጥር አባባም፣ ድርቆሽ ላይ በሙሉ ሱፉ እንደተቀመጠ፣ አብሮ ይስቃል።

ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ «ሰውየው ምን እያለ ነው እንዲያ ያሳቃቸው?» አለኝ።

«ስለ ውሻው ነው» አልኩት።

«ባንተ ሠርግ እኔው ራሴ ዝም እላለሁ፤ አትቸገር» አለኝ።