አሥራ ዘጠኝ ድምፅ፦ የዶ/ር አርቮ ላይቲነን የሕይወት ታሪክ

ዶ/ር አርቮ ላይቲነን ዘወትር ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይነሱ ነበር። የአጃ ገንፎአቸውን ቆመው ይበላሉ፤ የጎማ ቦት ጫማቸውን በረንዳው ላይ ያጠልቃሉ፤ ባለቤታቸው ማታ ጽፈው ያሸጉት ደብዳቤ ካለ ይዘው ወደ አውራ መንገዱ ይወርዱና ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ከትተው ወደታመሙት ከብቶች ይሄዳሉ።

ከአባታቸው ከአቶ ቶይቮ ላይቲነንና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሂልያ ሳሪ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1946 በኦሪገን ግዛት፣ በዊሎ ቤንድ ተወለዱ። የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚሁ ተከታትለው በ1971 በእንስሳት ሕክምና ተመረቁ፤ ወደ ከተማቸውም ተመለሱ። በ1973 የባዮሎጂ መምህርት ከነበሩት ከወ/ሮ ዊልማ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ኬይሳንና ሩበንን አፍርተዋል።

በ2014 የከተማችን ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍሉን ሊዘጋ መሆኑ ሲሰማ፣ ይህን ለማስቀረት ለግዛቱ ምክር ቤት ለመወዳደር ተነሡ። በእሳቸው ፓርቲ በኩል፣ ለዚያው ዓላማ፣ የክፍሉ ነርስ ወ/ሮ ማርጎ ቴዬዝም ቀረቡ። በክርክሩ ላይ ወ/ሮ ማርጎ «ዶክተር ላሞቹን ያዋልዱ፤ እናቶቹን ለእኛ ይተዉልን!» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዶ/ር አርቮ አልሳቁም። በሜይ በተካሄደው የፓርቲው የዕጩ ምርጫም ተሸነፉ፤ ኖቬምበር ላይ ከሌላው ፓርቲ ዕጩ ጋር የሚወዳደሩት ወ/ሮ ማርጎ ሆኑ።

የተሸነፈ ዕጩ ሳይውል ሳያድር ደጋፊዎቹን ከአሸናፊው ጎን እንዲቆሙ መጥራት ልማድ ነው። ዶ/ር አርቮ ግን አልጠሩም። ስማቸው የተጻፈበት ሰሌዳ በጋውን ሙሉ ከደጃቸው አልተነቀለም። ወዳጃቸው የፓርቲው ሊቀ መንበር አቶ ግሌን ሃትሊ መጥተው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጥጃ እንኳ ይህን ያህል አያስጠብቅም! ምን እስኪወለድ ነው?» ቢሏቸው፣ «ትደውልና ይቅርታ ትበለኝ፤ ስልኬ አልተበላሸም» አሉ።

በመጨረሻ ኦክቶበር 30 ቀን በከተማው ራዲዮ ቀርበው፣ ወ/ሮ ማርጎን እንዲመርጥ ሕዝቡን ለመኑ። ነገር ግን በግዛታችን ድምፅ የሚሰጠው በፖስታ ነው፤ ከመራጩ ግማሽ ያህሉ ወረቀቱን ልኮ ጨርሷል። ወ/ሮ ማርጎ ከሌላው ፓርቲ ዕጩ በአሥራ ዘጠኝ ድምፅ አንሰው ቀሩ። በማግስቱ ዓመት የማዋለጃ ክፍሉ ተዘጋ። ዛሬ እናቶቻችን ለመውለድ አንድ ሰዓት ተኩል በመኪና ይጓዛሉ። ዶ/ር አርቮ ስለ ምርጫው ማውራት ተዉ፤ በረዶ በጣለ ቁጥር ግን መስኮቱ ላይ ቆመው አውራ መንገዱን ሲያዩ ያመሹ ነበር።

በ2019 የፓርኪንሰን ሕመም ጸናባቸው። ወ/ሮ ማርጎ እየመጡ ያስታምሟቸው ነበር። አንድ ቀን «ያን ቀልድ ምነው ባልቀለድኩት» ቢሏቸው፣ «ቀልዱስ ደህና ነበር፤ ለመሳቅ የዘገየሁት እኔ ነኝ» አሉ። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2022፣ በሰባ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

በከተማችን «አሥራ ዘጠኙ ድምፅ የአርቮ ጥፋት ነው» ሲባል ኖሯል። ከአሥራ ዘጠኙ አንዱ የባለቤታቸው ነው። ወ/ሮ ዊልማ ባላቸውን የከዱ እንዳይሆን ብለው ለማርጎ ምልክት ሳያደርጉ ቦታውን ባዶ ትተው ፖስታውን አሸጉ። ኦክቶበር 21 ጠዋት ወደ ሳጥኑ የወሰዱት ራሳቸው ዶ/ር አርቮ ነበሩ። ወ/ሮ ዊልማ ይህን ለባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ አልነገሯቸውም።

ዶ/ር አርቮ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። የዘገየውን የማይንቅ አምላክ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበልልን።

ወ/ሮ ዊልማ አሁንም ማታ ማታ ደብዳቤ ይጽፋሉ። ጠዋት ወደ መንገዱ የሚያወርድላቸው የለም።