እሜቴ ድምር፦ ያልተመዘኑትን ያስቆጠሩት እህታችን

እህታችን ከማተሚያ ቤት ሠራተኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ፣ ይህን ለምጽፈው ለታናሽ እህታቸው ደግሞ ሁለተኛ እናት ነበሩ። ጭምትና ዝምተኛ ነበሩ ብዬ እንድጽፍ የመከሩኝ አሉ። አልጽፍም። ጭምትም ዝምተኛም አልነበሩም።

በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተምረው በ1973 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ በስታቲስቲክስ ተመረቁ፤ በዚያው ዓመት በጤና መሥሪያ ቤት የመረጃ ክፍል ተቀጠሩ። በ1975 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ኮምፒውተር ቢሮው ሲገባ አርባን ተሻግረው ነበር። ወጣቶቹ «ለእርስዎ ይከብዳል» ቢሏቸው እልህ ያዛቸውና በስድስት ወር የፕሮግራም ቋንቋ ተምረው የወጣቶቹ አስተማሪ ሆኑ። መረጃን በቡድን በቡድን ከፍሎ የእያንዳንዱን ድግግሞሽ፣ አማካይና መቶኛ ማውጣት ሙያቸው ነበር። ሠንጠረዥ ይዞ የመጣን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት ድምሩን ስለነበር «እሜቴ ድምር» የሚል ስም ወጣላቸው። ሲጠሩበት ይቆጡ ነበር፤ ውስጥ ውስጡን ግን ደስ ይላቸው ነበር።

በ2002 ዓ.ም. የጨቅላ ሕፃናትን ሞት በወሊድ ክብደት መድበው ለሁለት ዓመት ያወጡትን ሠንጠረዥ መልሰው ሲያዩ፣ የቡድኖቹ ድምር ከጠቅላላው በአርባ አንድ አነሰ። ጥፋቱ የራሳቸው ነበር። ፕሮግራሙ የክብደቱ ቦታ ባዶ የሆነበትን መስመር ትንፍሽ ሳይል ይጥላል፤ እንዳይጥል የምታዘውን አንዲት ቃል ደግሞ ሳይጽፉ ቀርተዋል። አርባ አንዱ ሚዛን ላይ ሳይወጡ የሞቱ ሕፃናት ነበሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ኮዱን አስተካክሎ ዝም ይል ነበር። እህታችን ስህተታቸውን ጽፈው፣ ፈርመው ለኃላፊው አቀረቡ።

ኃላፊው ግን ሞት መቀነሱን አስቀድሞ አስታውቆ ነበርና፣ ክብደታቸው ያልታወቀ ሕፃናት በየትኛውም ቡድን ስለማይገቡ ነገሩ ይታለፍ አላቸው። እህታችን ሽንጣቸውን ገትረው በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ «ያልተመዘነ ማለት ያልተወለደ ማለት አይደለም። መስመሩ ይገባል፤ ያለዚያ አልፈርምም» አሉ።

የተበላሹ ማተሚያዎች ወደሚከማቹበት፣ መስኮት ወደሌለው ክፍል ተዛወሩ። እድገት ቀረባቸው። አራት ዓመት ሙሉ ፍንክች አላሉም፤ በየሦስት ወሩ ያንኑ የማስተካከያ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። አሥራ አምስቱን ማንም አላነበበውም። አሥራ ስድስተኛውን በሙያቸው አዋላጅ የሆኑት አዲሷ ኃላፊ አነበቡት፤ መረጃው እንደገና እንዲወጣ አዘዙ። ከአርባ አንዱ ሃያ ስምንቱ ከአንድ ማዋለጃ ክፍል የመጡ ሆነው ተገኙ፤ ክፍሉ የጨቅላ መተንፈሻ መሣሪያ አልነበረውም። መሣሪያው ተገዛ። ከዚያ ወዲህ በሠንጠረዡ ግርጌ «ያልተመዘኑ» የሚል መስመር አለ። ያን ጊዜ ያዛወራቸው ሰው ዛሬ እዚህ መካከላችን ካለ እንኳን ደህና መጣ፤ ይስማው።

እህታችን በኩላሊት ሕመም ለሦስት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጃቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና እኔ አለን።

እህታችን የአራት ልጆች እናት ነበሩ። ይህን ጽሑፍ ያየ ዘመድ ሁሉ ሦስት በይ አለኝ። በ1977 ዓ.ም. የተወለደችው የመጀመሪያ ልጃቸው የኖረችው ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው፤ ስም አልወጣላትም፣ አልተመዘነችም። ይህን መሥሪያ ቤቱ አያውቅም፤ እሳቸውም አንድ ቀን ምክንያት አድርገው አላቀረቡትም። እኔ ግን አቅፌያታለሁ። አራት ናቸው።

ፈጣሪ የእናቲቱንም የልጂቱንም ነፍስ አንድ ላይ ያሳርፍልን።